ነቀርሳ የሌለባት አገር

ስሟን ብንጽፈው የሚከፋት፣ ባንጽፈውም ስለ እሷ መሆኑን የማትስት አንዲት አገር ነበረች። ይህች አገር ከጨዋነቷ ብዛት አንዳንድ በሽታን በስሙ አትጠራም። ጉንፋንን ጉንፋን፣ ቁርጠትንም ቁርጠት ማለት አያስነውርም፤ ነቀርሳ የተባለውን ግን ጮክ ብሎ የጠራ ሰው በሽታውን ራሱ በእጁ ይዞ ደጃፍ እንዳመጣው ተቆጥሮ፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ይሸኛል። ስለዚህ ነቀርሳ የያዘው ሰው ሁሉ «ብርድ መትቶት» ነው። ሐኪሙ በሽተኛውን አልጋው ላይ ትቶ አጎትየውን ወደ ኮሪደር ይጠራና በጆሮው ሹክ ይለዋል፤ አጎት ለወንድም፣ ወንድም ለአክስት፣ አክስትም ለሠፈሩ ትነግራለች፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ከበሽተኛው በቀር ያልሰማ ሰው አይቀርም። በሽተኛውም ቢሆን ያውቃል፤ ግን ዘመዶቹ እንዳይከፋቸው የማያውቅ ይመስላል። እነሱም ማወቁን ያውቃሉ፤ እሱን እንዳይከፋው የማያውቁ ይመስላሉ። ከመሞቱ በቀር ማለፊያ ልማድ ነበር።

እንዲህ ሲኖሩ ሳለ፣ የአገሪቱ ገዥ ለጉብኝት ባሕር ማዶ ተሻግረው አንድ ግሩም ነገር አዩ። የዚያ አገር ሊቃውንት የእልፍ አእላፍ በሽተኞችን ታሪክ ኮምፒውተር ውስጥ ከትተው፣ ነቀርሳ በየትኛው አውራጃ እንደሚበዛ፣ ማንን ቀድሞ እንደሚይዝ፣ የትኛው መድኃኒት ለየትኛው ሰው እንደሚስማማ ያስለዩታል። ገዥው ስለ ነገሩ የተረዱት ጥቂት ቢሆንም የሕንጻው መስታወት ልባቸውን ሰረቀው። ተመልሰው ገና ከአውሮፕላኑ ደረጃ ሳይወርዱ «ለእኛም ይሠራልን» አሉ።

ተሠራ። የመረጃ ቤትም ተባለ። ኮምፒውተሮቹ ሙቀት አይወዱምና ቀዝቃዛ አየር ቀን ከሌት ይነፍስላቸው ጀመር፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሆስፒታል በሽተኞች ደግሞ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው የሚያብረቀርቀውን ሕንጻ እያዩ ይጽናኑ ነበር። ምን ጎደለባቸው!

የዚህ ቤት አለቃ ሆኖ «ሊቀ አኃዝ» የሚል ማዕረግ የተሸለመው ጥሩነህ የሚባል ሰው ነው። እንዲያው ለቀልድ የተሾመ እንዳይመስላችሁ፤ ሰውዬው የተማረ ነው፣ ሥራውን ያውቃል፣ ይወደዋልም። አባቱን ገና በልጅነቱ ያ «ብርድ» ወስዶበታል። የሌላ ሰው አባት እንዳይወስድ ብሎ ነው እንግዲህ በሰው አገር እየተራበ ይህን ሙያ የተማረው።

ጥሩነህ ሠራተኞቹን በየሆስፒታሉ ልኮ የበሽተኞችን ታሪክ አስለቀመ። የመጣለትን ሲያይ ራሱን ያዘ። አንዱ ጋ «ብርድ» ይላል፤ ሌላው ጋ «ምች»፤ ሌላው ጋ «የሰው ዓይን»። አንድ ሐኪም እንዲያውም «የበሽታው ዓይነት» በሚለው ቦታ ላይ በሚያምር ጽሕፈት «እንዳይነገራት» ብሎ ጽፏል። ጥሩነህ በማግስቱ ሸንጎ ፊት ቀረበ። የሸንጎው ሰብሳቢ የወግና የልማድ አዛዥ ናቸው፤ እኚህ ሰው በአገሪቱ ምን እንደሚባልና ምን እንደማይባል የሚወስኑ፣ ወፍራምና የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ጌታዬ፣ ኮምፒውተር የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው» አለ ጥሩነህ። «ብርድ ካልነው ብርድ ይላል። ለሰው ባይነገርም ለእሱ እንኳ እውነቱ ይነገረው።»

አዛዡ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ለመሆኑ ይኸ ዕቃ ከየት ነው የመጣው?»

«ከውጭ አገር ነው ጌታዬ።»

«እንግዳ ነዋ! እንግዳ ፊት ገበናችንን እንዘርግፍልህ?»

«ሰው እኮ አይደለም። ማሽን ነው።»

«እሱማ ይብሳል! ሰው ቢሆን ይረሳል። ይኸ አይረሳም ብለህ አይደል ያስገዛኸን?» አሉና ሸንጎው ስቆ እስኪጨርስ ጠብቀው፣ «ስማ ልጄ፣ ይህን ያህል ነገር የሚማር ዕቃ ከሆነ ትንሽ ጨዋነት መማር ያቅተዋል?» አሉት።

እዚህ ላይ ጥሩነህ «አያቅተውም» ማለት አልነበረበትም። ግን ሹመቱ ገና ትኩስ ነበር፤ ሕንጻውም ያምራል። «ለጊዜው ነው፤ ብቻ ቤቱ ሥራ ይጀምር እንጂ ኋላ አስተካክለዋለሁ» ብሎ በልቡ ተስማማ። በዚያች አገር «ለጊዜው» የተባለ ነገር የልጅ ልጅ ሳያይ እንደማይሞት ረስቶት ነው። ኮምፒውተሩንም ያ ክፉ ስም በበሽተኞች ታሪክ ውስጥ የትም ቢገኝ አንሥቶ በቦታው «ብርድ» እንዲተካ በገዛ እጁ አስተማረው። ሲሞክረው ሠራለት፤ ሰውዬው ጎበዝ ነው አልኳችሁ እኮ።

በዚያው ሰሞን ባለቤቱ ወይዘሮ አስካለ ጡቷ ላይ ባቄላ የምታህል ነገር ዳሰሰች። ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ አይቶ፣ ናሙና ወስዶ፣ ውጤቱ በመጣ ዕለት እሷን አስቀምጦ ጥሩነህን ወደ ኮሪደር ጠራው።

«መቼም ሊቀ አኃዝ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ አልደብቅዎትም። ብርድ ነው» አለው።

«የትኛው ብርድ?»

ሐኪሙ ግራና ቀኙን አየ። «ብርዱ ብርድ።»

ጥሩነህ ግድግዳውን ተደገፈ። «ዶክተር፣ ረፍዶብናል?»

«ኧረ ደርሰዋል! ጨረር ቤት ቶሎ ከገባች ትድናለች። ታዲያ ቶሎ ነው።»

ጨረር ቤት የሚባለው በአገሪቱ አንድ ለእናቱ የሆነ፣ ነቀርሳን በጨረር የሚያክም መሣሪያ ያለበት ቤት ነው። ከእንግዲህ ማን ቀድሞ እንደሚገባበት የሚወስነው ደግሞ የመረጃ ቤት እንዲሆን ታውጇል። ጥሩነህ ይህን ሲያስታውስ ልቡ ትንሽ መለስ አለ፤ የገዛ ኮምፒውተሬ ሚስቴን ይረሳብኛል እንዴ ብሎ። ያስተማረውን ነገር በዚያች ሰዓት ዘነጋው ወይስ ማስታወስ ፈራ፣ እሱን እግዜር ይወቅ።

ከሐኪም ቤት ሲወጡ አስካለ «ምን አለህ?» አለችው።

«ብርድ ነው አለኝ።»

«ብርድ ከሆነማ ያልፋል» አለችና ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ፊት ፊቱን ሄደች።

የመረጃ ቤት የሚመረቅበት ቀን ደረሰ። ባንዲራው፣ ማርሹ፣ ድንኳኑ፣ ምን ቅጡ! ገዥው አዝራሩን ተጫኑ፤ ኮምፒውተሩም የአገሪቱን በሽተኞች ታሪክ ሁሉ መርምሮ ፍርዱን በሕንጻው ትልቅ መስታወት ላይ አወጣ። በምድሪቱ በነቀርሳ የተያዘ ሰው፦ የለም። ሕዝቡ በእልልታ አገሩን አናወጠው። ገዥው አለቀሱ። ባሕር ማዶ ያሉት ሊቃውንት ስንት ዘመን ደክመው ያላጠፉትን በሽታ፣ እሳቸው ባንድ አዝራር አጠፉት።

ኮምፒውተሩ በዚህ ብቻ አላበቃም፤ ሌላም ምሥጢር አገኘ። ብርድ ከመታቸው ሰዎች መካከል መስኮት በሌለው ቤት የሚኖር አንድም ሰው የለም። ይህን ሲሰሙ የወግና የልማድ አዛዥ ብድግ አሉና እዚያው ድንኳን ውስጥ ዐዋጁን አሰሙ፦ የአገሩ መስኮት ሁሉ በሚስማር ይመታ፤ ብርድ ለመታው ሁሉ ጋቢ ይታደል፤ ጨረር ቤቱ የጋቢ መጋዘን ይሁን። መሣሪያውስ? መሣሪያውማ ነቀርሳ ላልለቀቀው ለምስኪኑ ጎረቤት አገር በልግስና ተበረከተ።

በማግስቱ ማለዳ ጥሩነህ ገዥው ዘንድ ገባ። አዛዡም እዚያው ነበሩ።

«ጌታዬ፣ ጨረሩ አይሂድብን። ባለቤቴ ታማለች።»

«እኔን! ምን አገኛት?»

ጥሩነህ አባቱ ሲሞቱ እንኳ ከአፉ ያልወጣውን ቃል አወጣው። «ነቀርሳ ነው።»

አስተናጋጁ የያዘውን ሻይ ጥሎ ሸሸ። ገዥው ግን አልተቆጡም፤ ምነው በተቆጡ! በእጃቸው ደግፈው አስቀመጡት፣ ውሃ አስመጡለት፣ «አይዞህ፣ ሥራ በዝቶብህ ነው» አሉት። ሐኪሙ በስልክ ተጠየቀ፤ «እኔ ብርድ ነው ያልኩት ጌታዬ፣ ሊቀ አኃዝ ምስክሬ ናቸው» አለ። ኮምፒውተሩ ተጠየቀ፤ ወይዘሮ አስካለ፣ ብርድ።

«አየህ?» አሉት ገዥው በርኅራኄ። «ሐኪሙም ብርድ ይላል፣ የገዛ ኮምፒውተርህም ብርድ ይላል። አንተ በሳይንስ ታምናለህ ወይስ አታምንም?»

«አምናለሁ፤ ግን...»

«ምናልባት ተሳስቶ ከሆነ ደግሞ ንገረን» አሉ አዛዡ ከጎን። «የሠራውን ሰው ፈልገን እስር ቤት እናስገባዋለን።»

ጥሩነህ አዛዡን አየ፣ ገዥውን አየ። እኔ ከታሰርኩ አስኩን ማን ያስታምማታል አለ በልቡ። ይህን ያለው ስለ እሷ ይሁን ስለ ራሱ፣ ኋላ ብዙ ጊዜ አስቦበት ሊለየው አልቻለም።

«አልተሳሳተም ጌታዬ» አለ።

በዚህ ታማኝነቱ ኒሻን ተሰጠው፤ ለባለቤቱም ሁለት ጋቢ ታከለበት።

ምሳሌ ይሆናል ተብሎ ከሁሉ አስቀድሞ የተቸነከረው የእሱ ቤት መስኮት ነው። ሚስማሩ ሲመታ አስካለ አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማ ነበር። ጨረሩን የጫነው መኪና በቤታቸው ደጅ ሲያልፍ ግን ግድግዳው ተንቀጠቀጠና፣ «ምንድነው?» አለችው።

«ጭነት መኪና ነው።»

«ወዴት ይሄዳል?»

«እንጃ» አለና ጋቢውን ደረበላት። በጋ ነበር፤ ላቧ ይንቆረቆራል። እንዳይከፋው ብላ «ተመስገን፣ ሞቀኝ» አለችው። አቅም ያላቸው በሽተኞች ግን ጨረሩን ተከትለው በድብቅ ድንበር ተሻገሩ። ጥሩነህም ሚስቱን ይዞ መሄድ አማረው፤ ነገር ግን ነቀርሳን ያጠፋው ሊቀ አኃዝ ሚስቱን ለነቀርሳ ሕክምና ጎረቤት አገር ወሰደ ቢባል ምን ይባላል? ዛሬ ነገ ሲል እሷ ከአልጋ መነሣት ተሳናት፤ ክረምቱም ሳይገባ ዐረፈች።

ለለቅሶው ሹማምንት ሁሉ መጡ። ድንኳን ውስጥ ተደርድረው ተቀመጡና አዛዡ እንደ ወጉ፣ «ለመሆኑ ምን አግኝቷት ነው?» ብለው ጠየቁ።

ያን ጊዜ የአስካለ እናት እማማ ደብሪቱ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አሉ። ጡታቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «ነቀርሳ ነው!» ብለው ጮኹ። «ልጄን ነቀርሳ ገደለብኝ! እያያችሁ ገደለብኝ! ያ ጨረር ቢኖር አትሞትም ነበር!»

አልቃሿ እንኳ አቆመች። አዛዡ ቀስ ብለው ዓይናቸውን ወደ ጥሩነህ መለሱ። ጥሩነህ ተነሣ፤ አማቱን ደግፎ ወደ ቦታቸው መለሳቸው። ለሰውም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«ይረጋጉ እማማ፤ ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያናግርዎት። አስኩን የወሰዳት ብርድ ነው» አላቸው።

እማማ ደብሪቱ አላለቀሱም። ትኩር ብለው አዩት።

ዝናው ሩቅ አገር ደርሶ ኖሮ፣ በዓመቱ ጥሩነህ ባሕር ማዶ ተጋበዘና አንድ አገር ነቀርሳን በመረጃ እንዴት ከሥሩ እንደሚነቅል ለሊቃውንቱ ንግግር አደረገ። ሲጨርስ አንዲት ሽበታም የሳይንስ ሰው እጇን አነሣች።

«አንድ ነገር አልገባኝም። ከጎናችሁ ያለው አገር ነቀርሳ ከአምና ዘንድሮ በእጥፍ ጨምሯል ይላል። አየሩ አንድ፣ ምግቡ አንድ። ከእናንተ የሚለያቸው ምንድነው?»

ጥሩነህ ውሃውን ተጎነጨና ኒሻኑን አቃንቶ፣ «ጨዋነት ይጎድላቸዋል» አለ። «ያገኙትን ሁሉ ይጽፋሉ።»

ሊቃውንቱም ተነሥተው አጨበጨቡለት።