ለቪዛ የተላኩ ሽማግሌዎች

እኛ ሰዎች አንድ ነገር አጥብቀን ስንፈልግ ራሳችን ሄደን አንጠይቅም። ሰው እንልካለን። ሚስት ስንፈልግ ሰው እንልካለን፤ ያገኘናት ሚስት ስታኮርፍ ሰው እንልካለን፤ ከጎረቤት ጋር በአጥር ስንጣላም እንዲሁ። ሚኒሶታ ድረስ መጥተን እንኳ ይህ አመል አልለቀቀንም። የመንጃ ፈቃድ ፈተና ደጋግሞ የወደቀ አንድ ወዳጄ፣ ፈታኙ ዘንድ ሽማግሌ ልላክ ወይ ብሎ ሲያማክረኝ ሆዴን ይዤ ስቄበት ነበር። ብዙም ሳይቆይ የእኔ ተራ እንደሚደርስ በምን ልወቅ?

ጉዳዩ የእህቴ ልጅ የናሆም ነው። ናሆም ዱባይ ውስጥ የኤሲ ቴክኒሻን ነው። እዚያ አገር ኤሲ የሚጠግን ሰው ከሐኪም እኩል ይከበራል ይላል። ምን ያደርጋል፣ የሚሠራበት ድርጅት ሊዘጋ ሆነና የመኖሪያ ፈቃዱም አብሮ ሊያበቃ ተቃረበ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ሌላ አገር ካልተገኘ ሻንጣቸውን ይዘው አዲስ አበባ፣ እናቱ ሳሎን ውስጥ መግባታቸው ነው። ታዲያ አንድ ቀን ከኢንተርኔት ያገኘውን ማስታወቂያ ላከልኝ። ሴንት ሉዊስ ፓርክ ያለ አንድ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ድርጅት ሲዝናል ቴክኒሻን ይፈልጋል፤ ቪዛም ስፖንሰር ያደርጋል ይላል።

"ጋሼ፣ አንተ ሰፈር አይደል እንዴ?" አለኝ በስልክ።

እኔ የምኖረው ብሩክሊን ሴንተር ነው፤ ከዱባይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ግን ሰፈሬ ነው። ማሞቂያ በእጅህ ነክተህ ታውቃለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። "ያው አየር ነው የምንገፋው፤ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ለኔ አንድ ነው" አለኝ። ሲዝናል የሚለው ነገር ምን ማለት እንደሆነ እሱም በደንብ አላወቀም፣ እኔም አላውቅም። ሁለታችንም ግን ቪዛ የምትለዋን ቃል በደንብ አንብበናል።

ከዚያ የእህቴ ስልክ መጣ። አሜሪካ ቁጭ ብለህ አንድ በር ማንኳኳት ያቅትሃል ወይ ስትለኝ ሰው መሰብሰብ ጀመርኩ። የወለጋው ኦቦ ገመቹ ከኒው ሆፕ መጡ፤ ከሰፈሩ ሁሉ ረጋ ብለው የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ትንሽ ሱቅ ያላቸው የወሎው ሐጂ ሰይድም ሱቃቸውን ለልጃቸው ትተው መጡ። እሳቸው በዚህ ከተማ ያልዳሩት ሰው የለም፤ እስላም ክርስቲያን አይሉም። ሙሉ ልብስ ለብሰን፣ በላዩ ካፖርት ደርበን፣ የአፍንጫ ፀጉር በሚያደርቅ ብርድ ወደ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ነዳን።

የድርጅቱ ባለቤት ዴቭ የሚባል ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ነው። ስልኩ ለአፍታ አያርፍም፤ ፈርነሱ፣ የቤት ማሞቂያው ማለት ነው፣ የቆመበት ሰው ሁሉ ይጮኽበታል። ሲያየን ወንበር አሳየንና ተቀመጡ አለን። አልተቀመጥንም። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይሰማለት እንደማይቀመጥ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ዴቭ ግን ከየት ይወቅ? ካፖርት የለበሱ ሦስት ሰዎች ፊቱ ተደርድረው አንቀመጥም ሲሉት ጊዜ ስልኩን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

"ፈርነስ ተበላሽቶባችሁ ነው?"

አይደለም አልነው።

"የኔ ሠራተኛ ያጠፋው ነገር አለ?"

የለም።

"ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጣችሁት?"

ሐጂ ሰይድ ወደኔ ዞር ብለው ተመለከቱኝ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ፤ እኔ አስተረጎምኩ። የተከበርክ ሰው መሆንህን ሰምተን መጣን፣ ምስጉን ልጅ አለን፣ እንደ ልጅህ አድርገህ ተቀበልልን፣ ከደጅህ አትመልሰን። ዴቭ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ሕፃን አላሳድግም አለን። ነገሩን እንደገና ከሥሩ ጀምሬ፣ ዱባይንም ኤሲውንም ማስታወቂያውንም አስረዳሁት።

"ቪዛ የሚለውን እኔ አልጻፍኩም" አለ። "ማስታወቂያዬን የገለበጠ ሰው የጨመረው ነው። እኔ የምፈልገው ብርዱ እስኪያልፍ የሚያግዘኝ የዚህ አገር ሰው ነው። ደግሞ ያ የሲዝን ቪዛ መጥቶ ለሚሄድ ሥራ ነው። የኔ ሥራ መቼ ይሄዳል? በብርዱ ማሞቂያ፣ በሙቀቱ ማቀዝቀዣ።"

"ሥራ የሌለህ ታዲያ መቼ ነው?" አሉ ኦቦ ገመቹ።

"በረዶው ሲቀልጥ፣ ትንሽ ጊዜ። ያኔ ዓሣ ላጠምድ እሄዳለሁ።"

"ለዚያች ጊዜ ቪዛ ይሰጣሉ?"

ዴቭ አሰበ። እኔም አሰብኩ። እስካሁንም እያሰብኩ ነው። እንደገባኝ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ያለው ሰው በዚህ ቪዛ ሠራተኛ ማምጣት አይችልም፤ ሥራው የሚቋረጥበት ሰው ግን ይችላል። ናሆምን ያልተቀበሉት ሥራው በጣም ስለተፈለገ ነው ማለት ነው። ምናልባት አልገባኝ ይሆናል፤ ከእናንተ መሐል ጠበቃ ካለ ያርመኝ።

እኔ ተስፋ ቆርጬ ወደ በሩ ሳይ ሐጂ እጄን ያዙኝ። "ቁም" አሉ በአማርኛ። "በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት የት አይተሃል?" ቆምን። ስልኩ እንደገና ጮኸ። ዴቭ ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ፣ ከዚያም እኔን ከትከሻዬ እስከ ጫማዬ አየኝ።

"አንተ ምን ትሠራለህ?"

ልቤ ሞቅ አለ። የልጅቷ አባት ስለ ዘመድ አዝማድ መጠየቅ ከጀመረ ነገሩ መንገድ ይዟል ማለት ነው። ከኤርፖርት ሆቴል መንገደኛ የማመላልስ ሹፌር ነኝ፣ ሰሞኑን የሥራ ሰዓት ቆርጠውብኛል አልኩት። የመንጃ ሪከርድህስ? ንጹሕ ነው። የሥራ ፈቃድ? ዜጋ ነኝ። ጣሪያ ላይ መውጣት ትፈራለህ? በቤተሰባችን ከፍታ የሚፈራ የለም። ወገብህስ ደህና ነው? በዘራችን የወገብ ሕመም ታይቶ አያውቅም፤ አያቴ እስኪሞት ድረስ ቀጥ ብሎ ነው የሄደው። ሐጂ "ቬሪ ኦነስት ማን!" እያሉ ደገፉኝ። ኦቦ ገመቹም የዕድራችን ሊቀመንበር መሆኔን መሰከሩ። ዴቭ እጁን ዘረጋልኝ።

"ሰኞ ጠዋት። ወፍራም ጫማ አድርግ።"

መኪና ውስጥ ገብተን በሩን እንደዘጋን ሐጂ አልሐምዱሊላህ አሉ። እኔ መታገስ አልቻልኩም። እዚያው ናሆም ጋ ደወልኩና "እሺ ብሏል!" አልኩት። ሚስቱ ከጎኑ እልል ስትል ሰማኋት።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ኦቦ ገመቹ ከኋላ ወንበር ቀስ ብለው ተናገሩ።

"ሰኞ ነው ያለው አይደል? ዊች መንዴይ? የትኛው ሰኞ?"

የሚመጣው ሰኞ ይሆን ወይስ የከርሞ ሰኞ? ሐጂ አሜሪካኖች ነገር ሲያፋጥኑ ለጉድ ነው አሉ፤ ግን እሳቸውም አላመኑበትም። ብቻዬን ተመልሼ ገባሁ። ልጁ ዱባይ ነው ያለው፣ ለሰኞ እንዴት ይደርሳል ብዬ ዴቭን ጠየቅሁት። ዴቭ ትክ ብሎ አየኝ።

"ልጁን መቼ አልኩህ? አንተን እኮ ነው።"

ደስ አለኝ። ሰዓት የተቆረጠበት ሰው ነኝ፤ ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። መኪናው ጋ ስደርስ ግን የናሆም ሚስት እልልታ ጆሮዬ ላይ ነበርና ሰውነቴ ሁሉ አፈረ። ለሐጂ ነገርኳቸው። "ስንቱን ድሬአለሁ" አሉ አንገታቸውን እየነቀነቁ፣ "ሽማግሌ ሄዶ ራሱን ድሮ የመጣ ግን ዛሬ አየሁ።" እህቴ ደግሞ ነገሩን ስትሰማ "ከእንግዲህ ሽማግሌ የምልክ ከሆነ ሥራ ያለው ሰው መርጬ ነው" ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

የቀረው ናሆም ነው። የተገለበጠውን ማስታወቂያ፣ መጥቶ የማይሄደውን ሥራ፣ ዓሣውን ሁሉ አስረዳሁት።

"እና አንተ ሰኞ ትገባለህ ጋሼ?"

"አንተ ካልከፋህ" አልኩት።

"ግባ እንጂ!" አለ። ከዚያ ስልኩን ከአፉ አርቆ ሚስቱን ሲያናግራት ሰማሁት።

"አታልቅሺ በቃ። እንዲያውም ተሻለ። አሁንማ ውስጥ ሰው አለን።"