ዳገት ላይ የቆሙት ጋሪዎች

ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ፣ ከሐይቁ በላይ ባለ ኮረብታ ላይ፣ አሥራ ሁለት የኤሌክትሪክ ጋሪዎች ያሉት አንድ የጎልፍ ክበብ ነበረ። ጋሪዎቹ ሰው አይጭኑም። የተጫዋቹን ዱላዎች የያዘውን ከባድ ቦርሳ በሦስት ጎማ ተሸክመው ከካዲው ፊት ፊት ይሄዳሉ። ካዲ የሚባለው ከተጫዋቹ ጋር እየተጓዘ ዱላ የሚያቀብል፣ የጠፋ ኳስ የሚፈልግ፣ ሲጠየቅም የሚመክር ሰው ነው። የጋሪው ባትሪ ከሥር፣ ከጎማዎቹ መካከል ይቀመጣል። ከላይ ደግሞ እጀታ አለው፤ የፍጥነቱ ማዞሪያ ያለው እሱ ላይ ስለሆነ ካዲዎቹ እንደ ብስክሌቱ «መሪ» ይሉታል።

ጋሪዎቹ በመጡ በስምንተኛው ወር መቆም አመጡ። ለጥ ባለው ሜዳ ላይ ደህና ሄደው ዳገት ሲጀምር ቀጥ ይላሉ። አንዳንዱ ጭራሽ አይነሣም፤ አንዳንዱ ይጮኻል እንጂ ንቅንቅ አይልም። ካዲዎቹም ጋሪውን ከነቦርሳው እየገፉ ዳገቱን ይወጡ ጀመር። ጋሪ ከመምጣቱ በፊት የሚሸከሙት ሸክሙን ብቻ ነበር፤ አሁን ተሸካሚውንም ጨመሩበት።

የክበቡ ሥራ አስኪያጅ አቶ ምትኩ ቢሯቸው ፎቅ ላይ ነው። ከመስኮታቸው ሜዳው እስከ ዳር ይታያል፤ ድምፅ ግን አይደርስም። ጋሪዎቹ ሲቆሙ አይተው ባትሪ አስቀየሩ። ጋሪዎቹ ሁለት ቀን ሄደው ቆሙ። ጎማ አስቀየሩ፤ ይብሱን ቆሙ። በመጨረሻ ጥፋቱ ከሚገፏቸው ሰዎች ነው ብለው ደመደሙ። ለሜሳ የሚባለው ካዲ ኪሱ ውስጥ ሴንጢ ስለተገኘ «ሽቦ የምትቆርጠው አንተ ነህ» ተብሎ፣ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ከሥራ ታገደ። ሴንጢዋ የተጫዋቾች ጫማ ላይ የሚጣበቅ ጭቃ መፋቂያ ነበረች።

የካዲዎቹ አለቃ ጋሽ ደገፉ በክበቡ ሃያ ስድስት ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። ማክሰኞ ጠዋት ፎቅ ወጡ።

«አቶ ምትኩ፣ ልጆቹ ሽቦ አልቆረጡም። መጋዘኑ ጠባብ ነው ተብሎ ሥራ ባለቀ ቁጥር የጋሪዎቹ መሪ እጥፍጥፍ ብሎ በሰንሰለት ይታሰራል። ይሄ ይጎዳቸዋል ብለን አመልክተን ነበር።»

«ይታጠፉ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ አቶ ምትኩ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ። «ትእዛዝ ጋሪ አያበላሽም።»

«እሱስ ልክ ነው። ትእዛዝዎ አይታጠፍም፤ የሚታጠፈው ሌላ ነው።»

አቶ ምትኩ ይህን ሲሰሙ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ይስሙኝ ጋሽ ደገፉ። ቅዳሜ ውድድር አለ። ከሰባት ክበብ እንግዳ ይመጣል። ያን ቀን አንድ ጋሪ ዳገት ላይ ቢቆም፣ ሰኞ አንድም ካዲ በዚህ በር አይገባም።»

«እንግዲያው ጠጋኝ ላምጣ፤ ይፍቀዱልኝ።»

«ያምጡ» ብለው ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ጋሽ ደገፉ ያመጧት ጠጋኝ የኔወርቅ ትባላለች። ከተማው ውስጥ መራመድ ለማይችሉ ሰዎች የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ወንበር የምትጠግን፣ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። በከተማው የተቀመጠበት ወንበር እምቢ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ይላክ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ደረሰች። መፍቻዋን ሳታወጣ ካዲዎቹን ሰበሰበችና «ከሁላችሁ ይልቅ ዳገቱን ብዙ የገፋ ማነው?» ስትል ጠየቀች።

«ለሜሳ ነው» አሉ ጋሽ ደገፉ። «ግን ታግዷል። በየቀኑ እየመጣ ከአጥሩ ውጭ ይቆማል።»

ዘበኛው ለሜሳን ስለማያስገባው የኔወርቅ ራሷ ወደ አጥሩ ሄደች። ለሜሳ በአጥሩ ሽቦ መካከል አያት። ከአንድ ሳምንት ወዲህ ከክበቡ ሰዎች ጠይቆት የሚያውቅ አልነበረም።

«መቼ ነው የሚቆመው?» አለችው።

«እህቴ፣ ዳገት ሲጀምር ነው። ያኔ መሪው ወደ ታች ይጫናል። መሪው ሲጫን ይቆማል። ቀና ሳደርገው አንዳንዴ ይነሣል።»

«ይህን ለማን ነገርክ?»

«ለማን እነግራለሁ?»

የኔወርቅ ተመልሳ ሥራ ጀመረች። የመጀመሪያው ጋሪ ሬሳ ነበር። ክዳኑን ገልጣ ባትሪውን በቴስተር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያዋ፣ ለካችው፤ ሙሉ ነው። ባትሪው ከሽቦው ጋር የሚያያዝበት ብረት ግን አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። «ኃይል ሞልቶታል፤ መገናኛው ነው የዛገው» አለችና በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋ፣ ጠራርጋ አጠበቀችው። ጋሪው ተነሣ። ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ ሞተራቸው ይጮኻል፤ ጎማቸው አይዞርም። ጎማቸውን አውልቃ አገላብጣ አየች። «ጎማ የቀየረው ሰው የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ አግብቷል። እነዚህ ጎማዎች ሞተሩን የሚይዙት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። አንዳቸውም አልተበላሹም፤ ያለ ቦታቸው ተሹመው ነው።» ቦታቸውን ስታቀያይር እነሱም ሄዱ።

የቀሩት ዘጠኙ ግን ዳገት ላይ የሚቆሙት ናቸው። የኔወርቅ ከባትሪው ተነሥታ ሽቦውን በቴስተር እየተከተለች ወደ ላይ ወጣች። መሪው የሚታጠፍበት ቦታ ስትደርስ፣ ቀና ስታደርገው ቴስተሩ ኃይል አለፈ ብሎ ይጮኻል፤ ጎንበስ ስታደርገው ጸጥ ይላል። ሽቦው ከውጭ አንድ ጭረት የለበትም። ደጋግማ ሞከረችውና አንገቷን ነቀነቀች።

«መሪው መውረድ አለበት» አለች።

ካዲዎቹ መሬት መሬት አዩ። የኔወርቅ ዞር ስትል አቶ ምትኩ ከኋላዋ ቆመዋል።

«ማን ነው የሚወርደው?» አሉ።

«መሪው» አለች ፈገግም ሳትል። «ላይ እንዳለ ውስጡ አይታይም።»

አቶ ምትኩ መሪውን አዩና «ይውረድ» አሉ።

አራት ብሎን ፈትታ መሪውን አወረደች። ሽቦውን መጋጠሚያው ላይ ላጠችው። እንደ ፀጉር የቀጠኑት የመዳብ ክሮች አንዳንዶቹ ጠቁረው፣ አንዳንዶቹ ተበጣጥሰው ወደቁ። ቁራጩን በአቶ ምትኩ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«ስለት ቢያገኘው ሁሉም ክር በአንድ ልክ ይቆረጥ ነበር፤ ልባሱም አይተርፍም። ይህ አንድ በአንድ፣ ቀን በቀን ያለቀ ነው። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው።»

«በምን አለቀ?»

«በመታጠፍ።»

አቶ ምትኩ ቁራጩን በጣታቸው እያገላበጡ ብዙ ቆዩ። ፊታቸው ቀላ። ካዲዎቹ ቁጣ ሲጠብቁ እሳቸው ቁልቁል ወደ አጥሩ ሄዱ። በሩን ከዘበኛው ቀድመው በገዛ እጃቸው ከፈቱ።

«ለሜሳ፣ ግባ» አሉት። «ሴንጢህ አይደለም። ትእዛዜ ነው።»

ለሜሳ ገባ። ጋሽ ደገፉ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ሦስቱ ባልደረቦቹም ተልኮባቸው ከሰዓት በኋላ መጡ።

ሐሙስና ዓርብ ማንም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ካዲዎቹ መሪ ያወርዳሉ፣ የኔወርቅ አዲስ ሽቦ ትዘረጋለች፣ ለሜሳ ይይዝላታል። መጋጠሚያው ጋ ስትደርስ ሽቦውን ወጥራ ልታስረው ነበር።

«እህቴ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ላላ ብታደርጊው?» አላት ለሜሳ። «ጎንበስ ሲል የሚሄድበት ያጣል።»

የኔወርቅ ሽቦውን ተወችና አየችው። «ይህን ጋሪውን የሠራው ፋብሪካ እንኳ አላሰበውም» አለች፤ ዘጠኙንም እሱ እንዳለው አላላቻቸው። አቶ ምትኩ በበኩላቸው የምድር ቤቱን የስብሰባ አዳራሽ አስለቅቀው ጋሪዎቹ መሪያቸው ሳይታጠፍ እንዲቆሙ አደረጉ። ሰንሰለቱን ማን እንደወሰደው እስካሁን አይታወቅም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ለሜሳ የመጀመሪያውን ጋሪ ይዞ ዳገቱ ሥር ደረሰ። ተጫዋቾቹም እንግዶቹም ቆመው ያያሉ። ጋሪው ዳገቱን ሲነካ ቀዘቀዘ፤ መሪው ጎንበስ አለ፤ ለሜሳ ሊገፋ እጁን ዘረጋ። ከዚያ ሞተሩ ድምፁን አወፍሮ ሽቅብ ያዘው። ሁለተኛው ተከተለ፣ ሦስተኛው፣ አሥራ ሁለተኛው። ካዲዎቹ እጃቸውን እያወዛወዙ፣ እያወሩ፣ አንዳንዶቹም እየዘፈኑ ከጎናቸው ወጡ። ከወገባቸው ቀና ብለው ያንን ዳገት ሲወጡ ማንም አይቷቸው አያውቅም። ታች የቀሩት እንግዶች ኳስ ጉድጓድ የገባ ያህል አጨበጨቡ።

ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ አዛውንት ተጫዋች ወደ ጋሽ ደገፉ ጠጋ አሉ። አቶ ምትኩም አጠገባቸው ነበሩ።

«ባለፈው ስመጣ እነዚህ ጋሪዎች እዚህች ላይ ይለግሙ አልነበር? ምን አዲስ ኃይል አስገባችሁባቸው?»

ጋሽ ደገፉ አቶ ምትኩን ቀስ ብለው አዩ። አቶ ምትኩም ይናገሩ እንደማለት አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ምንም አላስገባን ጌታዬ» አሉ ጋሽ ደገፉ። «ኃይሉማ ድሮም ከታች ነበረ። የለፋነው መሪው እንዲሰማው ነው።»