ጋሽ ይድነቃቸው የሠርግ ስጦታ ሲጠሩ

ጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ መምህር የሌለበት ከተማ ከተማ አይባልም። ደመወዙ ይቆማል እንጂ ማስተማሩ አይቆምም። የእናንተም ሰፈር አንድ አለው፤ ባንክ ቤት ወረፋ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ሲያርማችሁ ታውቁታላችሁ። የእኛ የቆቦዎቹ፣ ሊቀ ሊቃውንት ዘእንግሊዝኛ ጋሽ ይድነቃቸው ግን ከሁሉም ይብሳሉ።

እኔ መነኻሪያው አጥር ሥር ሻይ እሸጣለሁ። ትምህርት አምስተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ፣ በእሳቸው አስተያየት ገና ያልታረሰ መሬት ነኝ። ጠዋት ይመጡና ባርኔጣቸውን አውልቀው "ጊቭ ሚ ቲ" ይላሉ። ብርጭቆውን ሳነሳ ያስቆሙኛል።

"ምን አልኩሽ፣ የትርሲት እናት?"

"ሻይ ስጪኝ ነዋ።"

"ስንት ተሳቢ አለው?"

"ጋሼ፣ መኪናዬ ሞልቶ ሰው እየጠበቀኝ ነው" ይላል ከኋላ የቆመ ሹፌር። እሳቸው ግን አይሰሙም።

"ሁለት ነው። አንዱ እኔ፣ አንዱ ሻዩ። ግሡን እንደ ግመል ቁጠሪው። አፋሮቹ ጨው ሲጭኑ አይተሻል፤ በአንድ ወገን ብቻ ከጫኑ ይጋደላል። እንግሊዝኛ በዚህ በኩል ሰው ይጭናል፣ በዚያ በኩል ዕቃ።" ይህን ብለው ሰማዩን ያያሉ፣ እሱንም እንግሊዞች የሰቀሉት ይመስል።

ደክሞኝም ቢሆን ነገሩ ይገርመኛል። አንዲት ትንሽ ቃል ሰውንም ዕቃውንም ተሸክማ ሳትንገዳገድ ትሄዳለች። እኔ አንዱን ብቻ ተሸክሜ ወገቤ ተቆርጧል።

ከጎኔ ሽንኩርት የምትሸጠዋን ዓሊማን "ሴል ሚ ኦኒየን" ብለው ትርጉሙን እስክትነግራቸው ሚዛኑን ይይዙባታል። "ወላሂ ጋሼ፣ በአማርኛ ቢጠይቁኝ ረከስ አደርግልዎት ነበር" ትላቸዋለች። አንዴ የተሳፈሩበትን ባጃጅ ትራፊክ አስቆመውና መንጃ ፈቃድ ጠየቀ። እሳቸው "ሾው ሚ ላይሰንስ" ብሎ እንዲደግም አዘዙት። ስለ ሁለቱ ተሳቢዎች ማብራራት ሲጀምሩ ፖሊሱ "ሂዱ፣ ሂዱ በቃ" ብሎ አሳለፋቸው። ከዚያ ወዲህ ባጃጅ ነጂዎች በነፃ ይጭኗቸዋል።

ልጄ ትርሲት ለዋጃ ሰው ስትዳር ስጦታውን የጠሩት እሳቸው ናቸው። በእኛ ሰፈር ስጦታ በሹክሹክታ አይሰጥም። ማን ለማን ምን እንደሰጠ ዳሱ ውስጥ በጩኸት ይጠራል፣ እድምተኛው ያጨበጭባል። ጋሽ ይድነቃቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ክፍል ሙሉ ተማሪ ያስጮኹ ስለሆኑ ማይክ አያስፈልጋቸውም። መጀመሪያ በአማርኛ ይጠራሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ደግሞ በእንግሊዝኛ ይደግሙታል።

የሙሽራው አክስት ወይዘሮ ተናኜ ጊደር ሰጡ። አጎቱ ፍየሎች ሰጠ። እኔ ድግሱ ያለኝን ሁሉ በልቶት የቀረኝ ቀይ አበባ ያለበት አንድ ፔርሙስ ነው። ባዶ እጇን የገባችን ሙሽራ በነገር እንዴት እንደሚወጓት አውቃለሁ፤ እኔም ተወግቼ ነው ያረጀሁት። ተራዬ ሲደርስ አንገቴን ደፋሁ።

"የሙሽራዋ እናት ለሙሽራዋ ፔርሙስ ሰጠች።"

አንድ ሁለት ሰው አጨበጨበ። ወይዘሮ ተናኜ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ጋሽ ይድነቃቸው ወደ እንግሊዝኛው ተሻገሩ፤ ከተሻገሩ በኋላ ግን መመለስ እምቢ አሉ። "ሀር ማዘር ጌቭ ሀር ሚልክ።" ትንፋሽ ወሰዱ። "ሀር ማዘር ቦት ሀር ሹዝ።" ሌላ ጨመሩ፣ ደግሞ ሌላ። ትንፋሽ በወሰዱ ቁጥር እድምተኛው ምን እንደሆነ ሳያውቅ አጨበጨበ፤ ሴቶቹ እልል አሉ።

ወይዘሮ ተናኜ ጠጋ አሉኝ። "አንቺ፣ ይህን ሁሉ ደብቀሽ ነው ፔርሙስ ያስጠራሽው? የት ልናስረው ነው?"

"ምኑን?"

"ከብቱን ነዋ።"

ዝም ብል ልጄ በክብር ትገባለች፤ ነገ ግን ከብቱ ሲጠፋ ውርደቱ እጥፍ ነው። ጋሽ ይድነቃቸው ሰምተው ኖሮ መጥተው ፊታችን ቆሙ።

"ከብት አይደለም፣ ወይዘሮ ተናኜ። ወተት ሰጠቻት ነው ያልኩት። ጫማ ገዛችላት፣ ተረት ነገረቻት፣ እሷ ያላገኘችውን ትምህርት ሰጠቻት።"

"ታዲያ በአማርኛ አይሉትም ነበር?"

"በአማርኛ ቢሆን ማን ያጨበጭብላት ነበር?"

ወይዘሮ ተናኜ "እስቲ ያን ፔርሙስ" ብለው ተቀበሉኝ። ሙሽሮቹ ሲሸኙ ረዳቱ ዕቃውን ሁሉ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሲጭን ፔርሙሱንም ሊወስድ እጁን ዘረጋ። "ይሄ እላይ አይወጣም" አሉት ወይዘሮ ተናኜ። እስከ ዋጃ ጭናቸው ላይ ይዘውት ሄዱ።

"እኚህ ሰውዬ አይሰለቹሽም?" ይሉኛል ደንበኞቼ። ይሰለቹኛል እንጂ። የአጥሩ ጥላ ሥር ያለችውን በርጩማ ግን፣ እሳቸው መጥተው እስኪቀመጡባት፣ ማንም ቢመጣ አልሰጥም።