ጤነኛው ቦቢና ጤነኛው ጋሽ ባየህ

እናንተ ሰፈር፣ ራሱ የሐኪም ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ ውሻውን ግን በየዓመቱ የሚያስመረምር ሰው የለም? እኛ እዚህ እስራኤል፣ ጊቫት ኦልጋ ውስጥ ጋሽ ባየህ አሉልን። ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ናቸው፤ ውሻቸው ቦቢ ይባላል። ጤነኛ ውሻ ደግሞ ምኑ ይመረመራል ብላችሁ እንዳትስቁ፤ እኔም ዘንድሮ ዕብራይስጡን ላስተረጉምላቸው አብሬያቸው እስክሄድ ድረስ ስስቅ ነበር።

የእንስሳት ሐኪሟ ቦቢን መዘነችው። ዓይኑን፣ ጆሮውንና ጥርሱን አየች፤ ሆዱን ዳበሰች፤ ደምና ሰገራውን ለምርመራ ወሰደች፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም ወጋችው። ቦቢ ምንም አልመሰለው። ልቡን ልታዳምጥ ስታጎነብስ ግን ጋሽ ባየህ ትንፋሻቸውን ያዙ። ፊታቸው ገረጣ፤ የዕድሜ ልክ ፍርድ የሚጠብቅ ሰው መሰሉ።

«ጤነኛ ነው፤ ትንሽ ወፍሯል እንጂ» አለች። ቀና ስትል የእሳቸውን ፊት አየችና «እርስዎስ መቼ ነው የታዩት?» ብላ ጠየቀች።

ተረጎምኩላቸው።

«እኔ ምን ሆኜ? ጤነኛ ነኝ በያት።»

አልኳት።

«ቦቢም እኮ ጤነኛ ነው» አለች።

ይህችኛዋን ሳልተረጉምላቸው ገባቸው።

በማግስቱ የሰው ሐኪም ዘንድ፣ ኩፓት ሆሊም ክሊኒክ ገቡ፤ እዚያ የአማርኛ አስተርጓሚ ስላለ እኔ የቦቢን ገመድ ይዤ ደጅ ጠበቅኳቸው። የደም ግፊት ኪኒን ይዘው ወጡ፤ ፊታቸውን ግን አኮሳትረዋል።

«ምነው ጋሽ ባየህ፣ ደኅና አድርገው አላዩዎትም?»

«ማየቱንስ አይተውኛል» አሉ ገመዱን እየተቀበሉኝ። «ያቺ የቦቢ ሐኪም ግን ስትጨርስ ብስኩት ትሰጣለች።»