በሪፖርት የዳነው እግር

በዚያ ጤና ጣቢያ ሰው አይታመምም ነበር ማለት ሐሰት ነው፤ ይታመማል። ግን በዕቅዱ መሠረት ይታመማል፣ በዕቅዱ መሠረትም ይድናል። ኃላፊው ሥራ ወዳድ ሰው ናቸው። ሌላው መሥሪያ ቤት ሩብ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ሪፖርት ለመጻፍ ሲራወጥ፣ እሳቸው የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ሩብ ዓመቱ በገባ በሳምንቱ ጽፈው፣ ማኅተም አስመትተው፣ ለበላይ አካል ይልካሉ። «ሪፖርት ሲዘገይ ሥራው የተሠራ አይመስልም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ የሳቸው ሪፖርት አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም። እየዘገየ የሚያስቸግራቸው በሽተኛው ብቻ ነበር።

ከነዚህ ዘገምተኛ በሽተኞች አንዱ የልብስ ሰፊዋ ባል ነው። ጡረታ እስኪወጣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእግሩ እየዞረ ደብዳቤ ሲያድል ስለኖረ ሰፈሩ «ጋሽ ፖስታ» ይለዋል። ስኳር አለበት። ግራ እግሩ ላይ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ የወጣ ቁስል አልድን ብሎት ከረመ። የጤና ጣቢያው ሲስተር በየሁለት ቀኑ እያጠበች ስታሽግለት ቆየችና አንድ ጠዋት ሰፊዋን ገለል አድርጋ፣ «እትዬ፣ አንድም ቀን እንዳያስቀሩት። ይህ ነገር አጥንት ውስጥ ከገባ እግሩን ነው የሚቆርጡት» አለቻት። ሰፊዋ ይህን ለባሏ አልነገረችውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የሰው ሱሪ ለማሳጠር መቀስ ባነሣች ቁጥር መልሳ ታስቀምጠው ጀመር።

ሩብ ዓመቱ በገባ በሦስተኛው ሳምንት እንደ ልማዷ ባሏን ደግፋ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ቆመች። ሠራተኛው መዝገቡን ገልጦ በጣቱ እየተከተለ ቁልቁል ወረደና ቀጥ አለ።

«ጋሽ ፖስታ ድነዋል።»

«ማን አለ?»

«ሪፖርቱ ነዋ። የእግር ቁስል፤ የታቀደ አርባ ስድስት፣ የዳነ አርባ ስድስት፣ አፈጻጸም መቶ በመቶ።»

«ይኸው አጠገቤ ቆሟል። እግሩን እየው እንጂ።»

«እኔ የማየው ካርድ ነው እትዬ፣ እግር አላይም። የዳነ ሰው ካርዱ ይዘጋል። ካርዱ ለተዘጋ ሰው ደግሞ ፋሻ አይወጣም። ለሲስተርም ነግሬያታለሁ።»

ጋሽ ፖስታ ክራንቹን ተደግፎ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ። «ለመሆኑ የዳንኩት መቼ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«በወሩ በአሥራ ሁለት።»

«በአሥራ ሁለት እንኳ ሳቃስት ነው የዋልኩት።»

«ሊሆን ይችላል። ቁስል ሲድን ይነዘንዛል ይባላል።»

መቼም መንግሥት ለሕዝቡ ደጁን አይዘጋም። በየወሩ የመጨረሻ ዓርብ በጤና ጣቢያው አዳራሽ «የተጠያቂነት መድረክ» የሚባል ስብሰባ አለ። ሰው ይጠይቃል፣ ጥያቄው ይመዘገባል፣ የተመዘገበው ተቆጥሮ «ይህን ያህል ጥያቄ ቀርቦ በአግባቡ ተመልሷል» ተብሎ ወደ ላይ ይላካል። ከዚህ በላይ ተጠያቂነት ከወዴት ይምጣ። ሰፊዋም ሄደች፤ እጇን አወጣች።

«የባሌ እግር አልዳነም። ዳነ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ይነገረኝ። ይኸው ነው ጥያቄዬ።»

ኃላፊው ከመቀመጫቸው ተነሥተው ኮታቸውን ቆለፉ። «በቅድሚያ እናታችን ላነሡት ገንቢ ጥያቄ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ጥያቄው የሚያመለክተው ኅብረተሰባችን ስለ እግሩ ያለው ግንዛቤ ምን ያህል እያደገ እንደመጣ ነው። ትናንት እግር ብቻ ነበረን። ዛሬ ግን ስለ እግር ግንዛቤ አለን።» አዳራሹ አጨበጨበ። «ጉዳዩን አጣርቶ የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብ፣ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ተቋቁሟል።»

ኮሚቴው ሰኞ ጠዋት ሰፊዋ ቤት ድረስ መጣ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ፣ የኃላፊው ጸሐፊና የግቢው ጥበቃ ናቸው። ሲስተር አልተካተተችም። ስለ ቁስል ስለምታውቅ ገለልተኛ ልትሆን አትችልም ተባለ።

ጋሽ ፖስታ ሱሪውን ሰበሰበ። ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩ።

«ቁስል ነው» አለ ጥበቃው።

«ቁስልነቱን ማን ካደ» አለች ጸሐፊዋ። «የትኛው ቁስል ነው የሚለው ነው ጥያቄው። አሮጌው ነው ካልን ሪፖርቱ ተሳስቷል ልንል ነው። ሪፖርቱ ደግሞ ማኅተም አለው። ስለዚህ ይኼ አዲስ ነው።»

የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ እስክሪብቶ አወጣ። «እትዬ፣ አዲሱ መቼ ወጣ?»

«እንጃ። አሮጌው ሲሄድ አላየሁትም።»

«እዚያው አሮጌው ቦታ ላይ ነው የወጣው?»

«ሰፈሩን ወዶት ይሆናል» አለ ጋሽ ፖስታ።

ይህም ተመዘገበ። ከሦስት ቀን በኋላ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ መጣ። አዲሱ ቁስል በያዝነው ሩብ ዓመት ዕቅድ ያልተያዘ ስለሆነ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት እንዲስተናገድ፣ ባለቁስሉም እስከዚያ ድረስ የተለመደ ትብብሩን እንዲያደርግ ይላል። ጋሽ ፖስታ ደብዳቤውን አገላብጦ አየና፣ «በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለውን ለሰው አድዬ ከሆነ ይቅር ይበለኝ» አለ። ሰፊዋ አልሳቀችም። የቁስሉ ዙሪያ መጥቆር ጀምሯል።

እንግዲህ ደግ ነገር ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ የዚህ ጊዜው ከበላይ አካል መጣ። መቶ በመቶ ያሳካው ጤና ጣቢያ በአርአያነት ተመርጧል፤ የበላይ አካሉ ኃላፊ በአካል መጥተው ይሸልማሉ። በመድረኩ ላይ ጥያቄ ተነሥቶበት በአግባቡ የተመለሰለት ያ እግርም በሕዝብ ፊት ሲራመድ ማየት ይፈልጋሉ። ቀኑ የዛሬ ወር ነው።

ኃላፊው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ከዚያ መኪና እንኳ ሳያስጠሩ ሰፊዋ ቤት ደረሱ። ከጨርቁ ክምር መሐል ወንበር ተፈልጎ ተሰጣቸው።

«እናታችን፣ ባለቤትዎ መድረክ ላይ ስድስት እርምጃ ያህል ቢራመዱልን ብለን ነበር።»

«ይራመዳላ» አለች ሰፊዋ፣ መርፌዋ ላይ ክር እየሰካች።

«እውነትዎን ነው?»

«ድኗል አላላችሁም? የዳነ ሰው መራመድ ምን ያቅተዋል። መዳኑን እግሩ ገና አልሰማም እንጂ።»

ኃላፊው ግንባራቸውን ጠረጉ። «እንዲሰማ ምን ይደረግ?»

«ሲስተር በየቀኑ ትምጣ። ፋሻውንም መድኃኒቱንም ይዛ።»

እንዲህ ሆኖ በዚያ ጤና ጣቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ የዳነ ሰው መታከም ጀመረ። ሲስተር በየጠዋቱ መጣች፣ ሐኪሙም በሳምንት ሁለት ቀን ብቅ አለ። የተዘጋ ካርድ መክፈት ስለማይቻል ፋሻው «ለአዳራሽ ማስዋቢያ» ተብሎ ወጣ። ቁስሉ ማኅተም አያውቅም፤ ሲታጠብ ጊዜ ቀላ፣ ሞላ፣ ቆዳ ለበሰ። ሲስተርና ሰፊዋ በነዚያ ጠዋቶች ብዙ አወሩ። አንድ ቀን ሲስተር ከመዝገብ የቀዳችውን ወረቀት አጥፋ በሰፊዋ እጅ አስጨበጠቻት።

የሽልማቱ ቀን ጋሽ ፖስታ መድረክ ላይ ወጣ። ስድስት እርምጃ የተባለውን አሥር አደረገው፤ አፈጻጸሙ ከዕቅድ በላይ ሆነ ማለት ነው። ከበላይ አካል የመጡት እንግዳ ተደሰቱ፣ ቤተሰቡ አንድ ቃል ይበል ተባለና ማይኩ ለሰፊዋ ተሰጠ።

«ለባሌ የተደረገውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ያሳዘነኝ ምስጋናው ለኛ ብቻ መሆኑ ነው። የዳንነው አርባ ስድስት ነን። አርባ አምስቱ እዚህ ወጥተው መታየት አይገባቸውም? ዝርዝሩን ይዤዋለሁ።» ወረቀቱን ዘረጋች። «ጫማ ሰፊው። የዳቦ ቤቱ ጋጋሪ። አናጢው ከነልጁ…»

ከተጠሩት ግማሾቹ እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። እንግዳው አላዩም፤ እግር ወንበር ሥር ነው የሚሆነው።

«እናታችን፣ ሰዓቱ…» አሉ ኃላፊው፣ ቀሚሷን ሳብ እያደረጉ።

«ይተዉዋቸው፣ ይጨርሱ» አሉ እንግዳው። የመጨረሻው ስም ሲነበብ ብድግ አሉ። «የሕዝብ ተሳትፎ ማለት ይህ ነው። የዛሬ ወር ተመልሼ እመጣለሁ። ሁሉም በዚህ መድረክ ላይ ሲራመዱ ማየት እፈልጋለሁ። አንድም ሳይጎድል።»

ኃላፊው ከሁሉም ሰው ይልቅ ረጅም ጊዜ አጨበጨቡ። እጃቸውን ማቆም ያቃታቸው ይመስል ነበር።

በማግስቱ ጤና ጣቢያው ከፀሐይ ቀድሞ ተከፈተ። ሲስተር በየቤቱ ስትዞር፣ የፋሻውን ካርቶን ተሸክመው የሚከተሏት ኃላፊው ራሳቸው ናቸው። በሰፊዋ መስኮት ሥር ሲያልፉ ቆም አሉ።

«እናታችን፣ ምን በደልኩዎት?»

«ኧረ ምንም። የጻፉትን አምኜ ነው እንጂ።»

ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ጫማ ሰፊው ቆሟል፣ አናጢውም ልጁም ቆመዋል፣ ጋጋሪው ዱላውን ጥሏል። የቀረችው አንዲት ሴትዮ ብቻ ናት፤ የባለወፍጮው አማት። ኃላፊው ካርቶናቸውን እንዳቀፉ በሩን አንኳኩ። ባለወፍጮው ራሱ ከፈተ።

«አማትዎን ለማየት ነበር» አሉ ኃላፊው። «እግራቸውን።»

«እማማን? ዓምና ቀብረናቸው የለ እንዴ።»

ኃላፊው ዝርዝሩን አወጡ፣ አዩ፣ ከማኅተሙ ጋር አስተያዩ። «እዚህ ላይ ግን በአሥራ ሁለት ድነዋል ነው የሚለው» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «እንግዳው ደግሞ አንድም ሳይጎድል ብለዋል።»

ባለወፍጮው ከእጁ ላይ ዱቄቱን አራገፈና በሩን ለቀቀላቸው። መቃብሩ ያለበትን አቅጣጫ በአገጩ አመለከታቸው።

«ሩቅ አይደለም። መዳናቸውን እርስዎ ራስዎ ሄደው ይንገሯቸው» አለ። «እኔ አማች ነኝ፤ አያምኑኝም።»