ልኩ የሆነ ቀሚስ

በዚህ አገር ልኩ የሆነ ልብስ ለብሶ ያደገ ሰው የለም! አለሁ የሚል ካለ እጁን ያውጣ... እጅጌው ረዝሞ እጁ ካልጠፋበት!

ከራሴ ልጀምር። አንደኛ ክፍል ስገባ እናቴ የገዛችልኝ ሹራብ በወጉ ልኬ የሆነው አራተኛ ክፍል ስደርስ ነው። እስከዚያ ድረስ እጅጌውን ሦስት ጊዜ እየጠቀለልኩ፣ ጫፉን እየረገጥኩ፣ ስደናቀፍ ኖርኩ። ልኬ በሆነ ማግስት ደግሞ ክርኑ ተቀደደ! አትሳቁ፤ የእናንተም ከዚህ አይሻልም።

ስለዚህ ልጄ ሕይወት ስትወለድ ማልኩ። ይቺ ልጅ ልኳን ትለብሳለች! የባለቤቴን አሮጌ ሸሚዝ ፈትቼ ቀሚስ ሰፋሁላት። ጎረቤቱ ሁሉ «ከየት ገዛሽው?» አለኝ። እኔ ደግሞ ሙገሳ ሲሰጡኝ አልቻልም... ወዲያው የልጆች ልብስ ነጋዴ ለመሆን ቆረጥኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ከሙገሳው በላይ የገፋችኝ ልጄ ናት። ያን ጊዜ፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ሰቆጣ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ትቻት ስወጣ እግሬን አቅፋ ስታለቅስ አንጀቴን ትበላዋለች። የስፌት መኪና ቤቴ አስቀምጬ አጠገቧ መዋል አማረኝ። ባለቤቴ ግን መምህር ነው፤ ያለ ፈተና ማንንም አያሳልፍም።

«ለሻደይ ሠላሳ ቀሚስ ስፊ» አለኝ። «ከበዓሉ በፊት ተሸጦ ካለቀልሽ ሥራሽን ትለቂያለሽ። ካላለቀ...»

«ካላለቀ?»

«ወደ ታይፕሽ!»

ሻደይ የልጃገረዶች የጭፈራ በዓል ነው፤ ሲደርስ ሴት ልጅ ያለው ሁሉ ልብስ ፍለጋ ይወጣል፤ ስለዚህ ፈተናው ቀላል መሰለኝ። ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ የሰፈሩን ልጃገረድ ሁሉ ለካሁ። ከሦስት ዓመት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላሉት፣ በነጭ አቡጀዴ፣ አንገቱና ጫፉ ላይ ቀይ ጥልፍ ያለው ሠላሳ ቀሚስ ሰፋሁ። አንዱም በጣት ስፋት አልተሳሳተም!

ከበዓሉ በፊት ባለው የመጨረሻ ገበያ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ዕቃዬን ዘረጋሁ። እናቶች መጡ፣ አነሱ፣ ልጃቸው ላይ ለኩ፣ መልሰው አስቀመጡ። ግማሽ ቀን ሙሉ አንድ ቀሚስ አልተሸጠም። ታይፑ ቀጭ ቀጭ ሲል ጆሮዬ ላይ ይሰማኝ ጀመር!

በመጨረሻ ከሰቆጣ ዙሪያ የመጡ አንዲት እናት፣ እትዬ ሙሉ የሚባሉ፣ የአምስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ቆሙ። የአምስት ዓመቱን አውጥቼ አለበስኳት። ልክክ አለላት!

«እንዴት ነው፣ እትዬ?»

«ልክ ነው» አሉ ፊታቸውን አጨፍግገው።

«እኮ! ልክ ነው!»

«እሱ ነዋ ችግሩ! በየት በኩል ልታድግበት ነው? ወይስ ልጄ አታድግም ነው የምትይኝ?»

ደነገጥኩ። በሰው ልጅ ላይ አሟረተች ልባል ነው!

«ኧረ እግዜር ያሳድጋት!»

«እሱማ ያሳድጋታል፤ ቀሚስሽ ነው እንጅ እንቢ ያለ!»

ይህን ብለው እጃቸውን ሰደዱና ከክምሩ ሥር የስምንት ዓመቱን መዘዙ። ልጅቱ ውስጡ ገብታ ጠፋች። ጫፉ የገበያውን ጭቃ ጠረገ።

«አየሽ? አሁን ልብስ ሆነ!» አሉና ከፍለው ሄዱ።

ዐይኔ ተገለጠ። መሐላዬን ዋጥ አደረግኩና ሁሉንም ሦስት ሦስት ዓመት ወደ ታች አወረድኩት። የዘጠኝ ዓመቱን ለስድስት፣ የስድስቱን ለሦስት፣ የሦስቱን ደግሞ ገና በወጉ ጥርስ ላላወጣች! የዘጠኝ ዓመት ልጆች ምን ለበሱ አትሉኝም? የታላላቆቻቸውን ነዋ! ገበያው ሳይበተን አንድም ቀሚስ አልተረፈኝም።

የሻደይ ዕለት ሕፃናቱ ወገባቸው ላይ ያሰሩት ቄጠማ ለጌጥ ሳይሆን ቀሚሱን ሰብስቦ ለመያዝ ይመስል ነበር። አንዷ ስትጨፍር የሌላዋን ጫፍ ትረግጣለች፤ እናቶች ግን በኩራት ያጨበጭባሉ። ልኳን የለበሰችው የእኔዋ ሕይወት ብቻ ናት። እሷም እያለቀሰች መጣች።

«እማዬ፣ የኔ ለምን አይጎተትም?»

እየሳቅኩ እንባዋን ጠረግኩላት። ያም ሆነ ይህ ፈተናውን አልፌአለሁ! ሰኞ ዕለት ቢሮ ገብቼ የገዛ መልቀቂያዬን ራሴው ታይፕ አድርጌ አስገባሁ። እንደዚያን ቀን ጣቶቼ ፈጥነው አያውቁም።

ዓመቱን ሙሉ ሕይወትን ከጎኔ አድርጌ የሹራብ ክርንና የሱሪ ጉልበት እየጠገንኩ ከረምኩ፤ ደስ ብሎኛል። ለቀጣዩ ሻደይ ደግሞ ስልሳ ቀሚስ ሰፋሁ፤ ሁሉም ሰፋፊ፣ ሁሉም የሚያሳድግ! ገበያ ወጣሁ። ዞር ብሎ ያየኝ የለም። ለካ የዓምናው ቀሚስ በየልጁ ላይ ገና እየተጎተተ ነው! ወደ ታይፕ እንዳልመለስ ወንበሬን ሌላ ሰው ይዞታል።

ይህን ሳሰላስል እትዬ ሙሉ ልጃቸውን ይዘው ከተፍ አሉ።

«እጅሽ ይባረክ!» አሉኝ። «ይኸው ገና ሁለት ዓመት ታድግበታለች።»

«ታዲያ... ለታናሿ አንድ ላሳይዎት?»

«ምነዋ! ለታናሿማ ይኸው እሷ የለበሰችው አለ አይደል? ትንሽ ይሰፋት ይሆናል እንጅ ታድግበታለች!»

እንዲያው ምን ያህል እንደሚሰፋት ልገምት ብዬ ታናሿን ከኋላቸው ፈለግኳት። ማንም የለም። እትዬ ሙሉ ሳቅ ብለው እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አሳረፉ።