መከታ የጾመው ሁዳዴ

የሰውን ጾም የሚመዝነው እግዚአብሔር ነው፤ የውሻን ጾም የሚመዝነው ግን ሆዱ ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ባለፈው ሁዳዴ ወረታ ላይ፣ በገዛ ደጃፌ፣ ጎረቤት እያየኝ ተማርሁት። አሁን እንኳ ስጽፈው ጆሮዬ ይግላል።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ቀን ከሚሠራበት የሩዝ መፈልፈያ ሲመለስ ጃኬቱ ውስጥ ቡችላ ይዞ መጣ። ስሙንም መከታ አለው። "ይህ ነው የሚመክትልን?" ብዬ ሳቅሁበት። እሱ ግን የምሩን ነበር። ሩዝ በሥጋ መረቅ እስኪላሽቅ ያበስልለታል፤ ከልኳንዳ ጨጓራ ለምኖ ይቀቅልለታል። "የልጅ ሆድ ነው፤ ቀስ ተብሎ ነው የሚለመደው" ይለኝ ነበር። ሰው በሕይወት ሳለ ምክሩን ማን ይሰማል? ጥር ላይ ድንገት ታመመና ጥሎን ሄደ፤ ለእኔ ቤቱን፣ ለመከታ እኔን ትቶ።

ሁዳዴ ገባ። ኀዘንተኛ ነኝና ጾሙን ጠበቅ አደረግሁት። ታዲያ የሟች ውሻ በእኔ ደጅ ቅባት ሲልስ ቢታይ ሰው ምን ይላል? መከታም ጾመ። ጠዋት ሽሮ፣ ማታ ሽሮ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ በጾመበት ምን እንደሚያደርግ ግን አበው አልነገሩንም። እኔ ልንገራችሁ፦ ያኝካል። የመጥረጊያውን እጀታ አኘከ፤ የበሩን መቃን ጀመረ። ዝም ይበልልኝ ብዬ ከተሰበረ ወንበር ላይ ጠፍር ቆርጬ ሰጠሁት። ዝም አለ። በብልኀቴ ተደነቅሁ። ቆዳ የሚበላ ነገር መሆኑን ያስተማርሁት እንግዲህ እኔው ነኝ።

ከአልጋዬ ሥር የባለቤቴ ጥቁር የክት ጫማ ነበር። ልብሱን ለነዳያን ስሰጥ እሱን ማውጣት አቃተኝ። ጎረቤቴ እትዬ ጥሩ፣ "ልጄ፣ ጫማ ተቀምጦ አይጸድቅም፤ ለሚሄድበት ስጪው" ይሉኝ ነበር።

አንድ ጠዋት መከታ ሆዱ ተነፍቶ፣ አረፋ እየደፈቀ ተዘርሮ አገኘሁት። በዚያው ሰሞን የእትዬ ጥሩን ዶሮ እግሯን ሰብሮባቸው ነበር። ለመፍረድ ምስክር አላሻኝም። አጥሩ ጋ ቆሜ፣ መንገደኛ እየሰማ፣ "ለአንዲት ዶሮ ብለሽ የባሌን አደራ መረዝሽው!" ብዬ ጮኽሁ። ዕድሜዬን ሙሉ "እርስዎ" ያልኋቸውን ሴት! እሳቸው ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "ኀዘኑ ነው የሚያናግርሽ" ብለው ገቡ። ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት?

ውሻውን ታቅፌ በባጃጅ ወደ እንስሳት ሐኪሙ በረርሁ። ሐኪሙ ሆዱን ዳብሶ ምን እንደሚበላ ጠየቀኝ። ሽሮ አልሁት። ሌላስ ቢለኝ፣ "ጾም ነው እኮ!" አልሁ። አንገቱን ደፍቶ ሳቁን ዋጠ። ተመርዞ ነው ብዬ ስሟገተው፣ "መርዝ ካሉማ፣ በሽሮው ውስጥ ሽንኩርቱን ማን ጨመረው?" አለኝ። ሽንኩርት ለውሻ እንደማይስማማ፣ የሚያድግ ቡችላ በሽሮ ብቻ እንደማይቆም፣ ጠፍር መስጠቴን ስነግረው ደግሞ ደረቅ ቆዳ ሆድ ገብቶ እያበጠ አንጀት እንደሚዘጋ አስረዳኝ። የሚያስመልስ መርፌ ወጋውና፣ የዋጠው እስከ ማታ ካልወጣለት ሆዱን መቅደድ ሊያስፈልግ እንደሚችል ነገረኝ።

ደጃፌ ስደርስ እትዬ ጥሩ ቆመዋል። ለካ የውሻውን ነገር ሊጠይቁ መጥተው ኖሯል። ምን እንደምላቸው ሳስብ መከታ ተወራጨና ሁሉንም እግራቸው ሥር ዘረገፈው፤ መጀመሪያ ጠፍሩን፣ ቀጥሎ የታኘከ ጥቁር ቆዳ፣ በመጨረሻም ረጅም ጥቁር የጫማ ማሰሪያ።

እትዬ ጥሩ በእንጨት ገለጥ አድርገው አዩት። የማን ነው ብለው አልጠየቁም። "ለሚሄድበት ስጪው አልሁሽ እንጂ ለሚሮጥበት መች አልሁሽ?" አሉ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

በማግሥቱ ድስት ይዘው መጡ። ያችኑ እግሯ የተሰበረ ዶሮ አሳርደው፣ አጥንቷን ለቅመው አውጥተው፣ ሩዝ በመረቋ አላሽቀው ለመከታ አምጥተውለታል። ልክ እንደ ባለቤቴ አሠራር። እንባዬ መጣ። አፌ መቼ ያርፋል፣ "እትዬ፣ ሁዳዴ እኮ አልወጣም" አልኋቸው።

ድስቱን ለመከታ እያቀረቡለት፣ "ተይው እሱ ይብላ" አሉኝ። "መጾም የነበረበት ያንቺ ምላስ ነው።"